የህንድንና የምዕራቡን ፍልስፍና የሚያጠና ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፍልስፍና ተማሪዎችን ጽሑፍ ማረም ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ተማሪዎቹ ይለዋወጣሉ፤ ስህተቶቹ ግን እነዚያው ናቸው። ከሁሉ የሚያስመርረኝን አስቀድሜ ልናገር፤ እሱም የተቃዋሚን ቃል ወስዶ ለደራሲው መስጠት ነው።

የህንድ ፈላስፎች አንድን ጉዳይ ሲያነሱ በመጀመሪያ የባላጋራቸውን አቋም ያቀርባሉ፤ ይህ ክፍል ፑርቫፓክሻ ይባላል። ጨዋ ደራሲ ይህን አቋም አንዳንድ ጊዜ ከባለቤቱ በተሻለ ጉልበት ያስረዳዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሲድሃንታ፣ ማለትም እሱ ራሱ ወደሚያጸናው መልስ፣ የሚሻገረው። ተናጋሪው መለወጡን የምታሳየው ምልክት በሳንስክሪቱ «ናኑ» የምትል አንዲት አጭር ቃል ብቻ ልትሆን ትችላለች፤ በትርጉም ውስጥ ደግሞ እሷም ብዙ ጊዜ ትጠፋለች። ጀማሪው እዚያ ላይ ያማረ ዓረፍተ ነገር ያገኝና ታላቁን የህንድ ፈላስፋ ሻንካራን «ሻንካራ እንዳለው» ብሎ ይጠቅሳል፤ ሻንካራ ግን ያንን የጻፈው ሊያፈርሰው ነበር።

የራሴንም ልናዘዝ። ተማሪ ሳለሁ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ማድሃቫ የየፍልስፍና ወገኑን አስተምህሮ በተራ የሚያቀርብበትን ሰርቫዳርሻናሳንግራሃ የተባለ መጽሐፍ ይዤ፣ ማድሃቫ ከቁስ በቀር ሌላ ነገር የለም ባይ መሆኑንና ከስሜት ሕዋሳት ውጭ የዕውቀት ምንጭ አለመቀበሉን የሚያስረዳ አራት ገጽ ጻፍኩ። ያነበብኩት የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የቻርቫካዎችን፣ ማለትም ቁስ ብቻ አለ የሚሉትን ወገኖች፣ አቋም የሚያትት ነበር። ማድሃቫ ራሱ ቬዳንታዊ፣ ማለትም በቬዳዎች (በጥንታዊ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት) ላይ የተመሠረተ ወገን ሰው ነው፤ ቻርቫካን ከፊት ያስቀመጠውም አልፎት ሊሄድ እንጂ ሊያድርበት አልነበረም። መምህሬ ከአራቱ ገጾች ግርጌ የጻፉልኝ «ሁለተኛውን ምዕራፍ አየኸው?» የሚል ብቻ ነው።

ይህ የህንድ መጻሕፍት ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቶማስ አኲናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው ታላቅ የነገረ መለኮት ድርሳን እያንዳንዱን ጥያቄ የሚከፍተው እሱ በማይቀበላቸው ሙግቶች ነው፤ የራሱ መልስ የሚመጣው «እመልሳለሁ» ካለ በኋላ ነው። ፕላቶ ደግሞ በንግግር መልክ ይጽፋል። «ፍትሕ የብርቱው ጥቅም ነው» የሚለው፣ በንግግሩ ውስጥ ሶቅራጥስ የሚሞግተው የትራሲማኮስ ቃል በፕላቶ ስም ተጠቅሶ ያየሁበትን ጊዜ መቁጠር ትቻለሁ። መፍትሔው የእርሳስ ሥራ ነው፤ በእያንዳንዱ አንቀጽ ዳር የተናጋሪውን ስም ጻፉ። የማን ቃል እንደሆነ ካልለያችሁ ገጹን አትግለጡ።

ሁለተኛው ስህተት በአመክንዮ ትምህርት ላይ ይታያል። ኒያያ የተባለው የህንድ የአመክንዮ ወገን ያዘጋጀውን ባለ አምስት ክፍል ሙግት ያየ ተማሪ «አሪስቶትል በሦስት መስመር የጨረሰውን እነዚህ በአምስት አንዛዙት» ብሎ ይደመድማል። የታወቀውን ምሳሌ እንየው፦ በተራራው ላይ እሳት አለ፤ ጭስ አለና፤ ጭስ ባለበት ሁሉ እሳት አለ፣ እንደ ማድ ቤቱ፤ ይህም ተራራ እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ በተራራው ላይ እሳት አለ። ይህ ሙግት ሌላን ሰው ፊት ለፊት ለማሳመን የተሰናዳ ነው፤ ማድ ቤቱም የገባው ተከራካሪዎቹ ሁለቱም የሚቀበሉት ማሳያ ስለሆነ ነው። ሙግቱን ገልብጡትና ደግሞ «ጭስ አለ፤ እሳት አለና» በሉ። ኒያያዎች የጋለ ብረት ያሳዩአችኋል፤ እሳት አለበት፣ ጭስ ግን የለውም። ጭስ እንዲኖር የማገዶው እርጥበት ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለውን የተደበቀ ሁኔታ ኡፓድሂ ይሉታል።

ልዩነቱ ከመስመር ቁጥር ይጠልቃል። በምዕራቡ አመክንዮ መደምደሚያው ከመንደርደሪያዎቹ የግድ የሚከተል ከሆነ፣ መንደርደሪያዎቹ ሐሰት ቢሆኑም እንኳ የሙግቱ ቅርጽ አይነቀፍም። ኒያያ ግን ምክንያቱ ራሱ እውን መሆኑንም ይጠይቃል፤ ጭስ መስሎ የታየው ጉም ከሆነ ቅርጹ ቢያምርም ምክንያቱ ሄትቫብሃሳ፣ ማለትም ምክንያት መሳይ፣ ተብሎ ይጣላል። ሁለቱን በአንድ መመዘኛ የሚያርም ሰው ሁለቱንም ይበድላል።

«የህንድ ፍልስፍና ሃይማኖት ነው፣ የምዕራቡ ግን ምክንያት ነው» የሚለውን በአጭሩ ላልፈው እፈልጋለሁ፤ ትዕግሥቴን ያስጨርሰኛልና። አስቲካ የሚባሉት የህንድ ፍልስፍና ወገኖች የተለዩት ቬዳዎችን ሥልጣን ያላቸው አድርገው በመቀበላቸው እንጂ ፈጣሪ አለ በማለታቸው አይደለም። ከእነሱ አንዱ የሆነው ሚማምሳ ቬዳዎችን አጥብቆ እየያዘ ዓለምን የፈጠረ አምላክ አለ የሚለውን ሐሳብ ይሞግታል። ስለዚህ ናስቲካን፣ ማለትም ቬዳዎችን የማይቀበለውን ወገን፣ «አምላክ የለሽ» ብሎ መተርጎም ከመነሻው ያሳስታል።

ድሃርማን ሁልጊዜ በአንድ ቃል መተርጎምም ያው ነው። በሥነ ምግባር ጽሑፍ ግዴታ ወይም ሥርዓት ሊሆን ይችላል፤ በአመክንዮ ጽሑፍ የአንድ ነገር ባሕርይ ማለት ነው፤ አብሂድሃርማ በተባለው የቡድሂስቶች የትምህርት ትንታኔ ደግሞ የኑባሬ ጥቃቅን ክፍሎች ስም ነው። ካርማንም ዕድል አትበሉት፤ ቃሉ ድርጊት ማለት ነው።

የመጨረሻው የችኮላ ንጽጽር ነው። ብሃጋቫድ ጊታ በተባለው የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ ሁለተኛ ምዕራፍ ቁጥር 47 ላይ አምላኩ ክሪሽና ተዋጊውን አርጁናን፣ ሥልጣንህ በሥራው ላይ እንጂ በፍሬው ላይ አይደለም ይለዋል። ካንትም እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ የድርጊት ዋጋ በውጤቱ እንደማይለካ ይናገራል። ተማሪው ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጥና «ጊታ ካንታዊ ነው» ይላል። ሆኖም የአርጁና ግዴታ ተዋጊ ሆኖ ከመወለዱ ጋር የተያያዘ ነው፤ የካንት ሕግ ግን አእምሮ ለራሱ የሚያወጣውና ማሰብ የሚችልን ሁሉ ያለ ልዩነት የሚያስር ነው። ከዚህም በላይ ጊታ በሦስተኛው ምዕራፍ ዓለም ተጠብቃ እንድትኖር ስትል ሥራ ይላል፤ ይህ ደግሞ ለውጤት ግድ የሌለው ሰው ቃል አይመስልም። ማወዳደር አይከለከልም፤ የሚያወዳድር ሰው ግን በቅድሚያ ግዴታው ከየት እንደሚመነጭ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንቀጽ ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ የሚተርፍ ተመሳሳይነት ካለ ያሳየን።