በአዲስ አበባ ዳርቻ በሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር የሚሸጥ አፓርታማ ከመግዛትዎ በፊት እንዴት ይመረምሩታል?

ታናሽ እህቴ ዱባይ ውስጥ ለዓመታት ሠርታ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ቤት ላይ ልታውለው ወስና፣ በከተማችን ምሥራቃዊ ዳርቻ ሊገነባ የታሰበ ሐይቅ ዳር ያለ አፓርታማ እንዳይላት ጠየቀችኝ። በሽያጭ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ያየሁት ማኬት በእርግጥ ያምር ነበር፤ ረጃጅም ሕንፃዎች ከሰማያዊ መስታወት የተሠራ ውሃ ከበው ቆመዋል፣ በውሃው ላይም ጣት የምታህል ነጭ ጀልባ ተቀምጣለች። ስደውልላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እንደ ማሪና ነው?» ብላ ነው። ይህን ጥያቄ በትክክል ለመመለስ ስል ያደረግሁትን ማጣራት ሌላውም ገዢ እንዲጠቀምበት ከዚህ በታች አስቀምጬዋለሁ።

በመጀመሪያ ሻጩ እንደ ምሳሌ የሚጠቅሰውን ቦታ አሠራር ይወቁ። ዱባይ ማሪና ከባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ወደ ውስጥ በረሃው ተቆፍሮ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ቦይ ከወጣለት በኋላ፣ በቦዩ ግራና ቀኝ ሕንፃዎች የተደረደሩበት ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጠናቀቀው ፕሪንሰስ ታወር 413 ሜትር ይረዝማል፤ በ2013 የተመረቀው ካያን ታወር ደግሞ ከሥር እስከ አናቱ 90 ዲግሪ የተጠማዘዘ ነው። ገዢን የሚመለከተው ቁም ነገር ግን ያለው ከታች፣ በውሃው ላይ ነው። ቦዩ በሁለቱም ጫፍ ወደ ባሕር ይከፈታል፤ በመሆኑም ባሕሩ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር አዲስ ውሃ ይገባል፣ የቆየውም ይወጣል። ውሃውን የሚያድስለት ባሕሩ ራሱ ነው ማለት ይቻላል። በእኛ ዳርቻ ባሕር ስለሌለ ይህን ሥራ ሰው፣ ፓምፕና ገንዘብ መሥራት ይኖርባቸዋል፤ ስለዚህ ከክፍል ብዛትና ከሳሎን ስፋት አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባው «ውሃው ከየት ይገባል፣ በየት ይወጣል?» የሚለውን ነው።

መልሱ «የዝናብ ውሃ ነው» ከሆነ በዚያ አይብቃዎት። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ፀሐይና ነፋስ ውሃውን ያለማቋረጥ ይወስዱታል። ሐይቁ በትነት በቀን 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢቀንስ እንኳ ከአንድ ሄክታር ስፋት 40 ሺህ ሊትር፣ ማለትም 40 ባለ 1 ሺህ ሊትር ሮቶ ውሃ በየቀኑ ይጠፋል። ይህ የሚተካው ከጉድጓድ ከሆነ ጉድጓዱ የመጠጥ ውሃንም የሚሸፍን መሆኑን ይጠይቁ፤ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት አካባቢ ነዋሪውና ሐይቁ አንድ ጉድጓድ መሻማታቸው አይቀርም። ውሃው ከወንዝ የሚጠለፍ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ያሳስባል፤ የከተማችን ወንዞች ፍሳሽና ቆሻሻ ተሸክመው እንደሚወርዱ ማንም ያውቃል። ከከተማዋ በስተደቡብ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተገደበው የአባ ሳሙኤል ሐይቅ ምን እንደ ደረሰበት ማየት በቂ ትምህርት ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ይዘውት የሚወርዱት ደለል እየሞላው፣ እምቦጭም ገጹን እየሸፈነው የኖረ ውሃ ነው። ስለዚህ ወደ ሐይቁ የሚገባው ውሃ በምን እንደሚጣራ፣ ደለሉ በስንት ጊዜ እንደሚወጣና ይህን ሁሉ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ እንዲገለጽልዎ ይጠይቁ። ከሕንፃዎቹ የሚወጣው ፍሳሽ ወዴት እንደሚሄድም አብረው ያጣሩ፤ የራሱ ማጣሪያ የሌለው ሰፈር ከሐይቁ ዳር ካለ፣ ፍሳሹ ውሎ አድሮ የሚያገኘው ዝቅተኛ ቦታ ሐይቁን ራሱን ነው።

ቦታውን ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በነሐሴ አንዴም በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ሄደው ይዩት። በክረምት የጎርፉን መንገድ ያያሉ፣ በበጋ ደግሞ የውሃውን ትክክለኛ መጠን፣ ቀለሙንና ሽታውን። አረንጓዴና ወፍራም ሆኖ የተኛ ውሃ እንቅስቃሴ እንደጎደለው ይናገራል፤ ለትንኝም ምቹ ነው። የሽያጭ ሠራተኛው ከሚነግርዎ ይልቅ የአካባቢውን ነባር ነዋሪ ይጠይቁ። እኔ በሄድሁበት ቦታ ላሞቻቸውን የሚጠብቁ አንድ አባት አግኝቼ «አባባ፣ ውሃው እስከ የት ይመጣል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ በዱላቸው ከአጥሩ ውጭ ያለች አንዲት ግራር እያመለከቱ «ልጄ፣ ነሐሴ ላይ እሷን ከግንዷ ይይዛታል» አሉኝ። ያቺ ግራር በማኬቱ ላይ የመኪና ማቆሚያው መግቢያ ከተሠራበት ቦታ ትገኛለች። ወደ ቤቴ ስመለስ የምድር ቤቱን ፓምፖች ብዛትና የጎርፍ ማስወገጃውን ስፋት በጥያቄ ዝርዝሬ ላይ ጨመርሁ።

አፈሩን በቀላሉ አይለፉት። የከተማችን ምሥራቃዊና ደቡባዊ ዳርቻ ሰፊ ክፍል ዋልካ ነው። ይህ ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተቀመጠውንም ነገር አብሮ ያነሣል፣ ይጥላል። በአጠገቡ ሐይቅ ሲቆፈር የእርጥበቱ ሁኔታ ይለወጣል፤ የሐይቁ ወለል ውሃ እንዳያሰርግ ተደርጎ ካልታሸገ ውሃው ወደ መሠረቶቹ አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል። ረጅም ሕንፃ መሠረቱ ዋልካውን አልፎ ጠንካራ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ አደጋው ይቀንሳል፤ ነገር ግን መንገዱ፣ አጥሩ፣ የፍሳሽ ቧንቧውና የጊቢው ንጣፍ እዚያው ዋልካው ላይ ናቸው። የአፈር ምርመራ ውጤቱን ይጠይቁ፤ የሚያነብልዎ መሐንዲስ ለአንድ ቀን መቅጠር ከቤቱ ዋጋ አንጻር ትንሽ ወጪ ነው። ምርመራው የተካሄደው ሕንፃው በሚያርፍበት ቦታ መሆኑንም መሐንዲሱ እንዲያረጋግጥ ይንገሩት።

ስለ ሕንፃው ሲያስቡ ከሁሉ በፊት ሊፍቱን ያስቡ። እኔ ራሴ ከከተማው ጫፍ ባለ አንድ ሕንፃ 8ኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ ስኖር ሊፍቱ ተበላሽቶ ለወራት ቆመ፤ መለዋወጫው ከውጭ ይመጣል ተባለ፣ ነዋሪውም መዋጮው ላይ አልተስማማም። ውሃ በጀሪካን፣ ዱቄት በትከሻ ወጣ። አንዲት ጎረቤታችን በ4ኛው ፎቅ ደረጃ ላይ በርጩማ አስቀመጡ፤ አማቴ ልትጠይቀን በመጣች ቁጥር እዚያ ተቀምጣ ትንፋሿን ትሰበስብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤት የሚያማክረኝን ሰው ሁሉ ያው ገንቢ ከዚህ ቀደም ሠርቶ ያስረከበው ሕንፃ ካለ፣ ቅዳሜ ማታ፣ በተለይም መብራት በጠፋበት ሰዓት እንዲጎበኝ እመክረዋለሁ። ጄኔሬተሩ ሊፍቱንና የውሃ ፓምፑን አንድ ላይ ይሸከማል ወይስ የኮሪደሩን አምፖል ብቻ? ሊፍቶቹ ስንት ናቸው፣ የጥገና ውል አላቸው ወይ? ጥበቃውንና የጽዳት ሠራተኞቹን በትሕትና ቢጠይቋቸው ከማንም የተሻለ መልስ ይሰጡዎታል።

እሳትን በተመለከተም ዱባይ ማሪና ራሱ ትምህርት ሰጥቷል። ቶርች የተባለው ረጅም መኖሪያ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2017 ሁለት ጊዜ ተቃጥሎ፣ እሳቱ በውጫዊ ሽፋኑ ላይ ሽቅብ ሲወጣ ታይቷል፤ ደግነቱ ሰው አልሞተም። የሕንፃዎ ክላዲንግ፣ ማለትም ውጫዊ ሽፋኑ፣ በውስጡ የያዘው ነገር የሚቀጣጠል ይሁን አይሁን፣ ሁለተኛ የማምለጫ ደረጃ መኖሩንና በሮቹ በቁልፍ አለመዘጋታቸውን ያረጋግጡ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ወረቀቱና ገንዘቡ ነው። የቦታውን ካርታ፣ የሊዝ ውሉንና የግንባታ ፈቃዱን ቅጂ ተቀብለው ቦታው በሚገኝበት የመሬት ይዞታ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ያመሳክሩ፤ ይዞታው ለባንክ በመያዣነት ተሰጥቶ ወይም ታግዶ እንደሆነም ይጠይቁ። ለገጣፎን የመሳሰሉ አካባቢዎች በሸገር ከተማ ሥር ስለሆኑ የሚሄዱበት መሥሪያ ቤት የአዲስ አበባው ላይሆን ይችላል። በፈቃዱ ላይ የተጻፈው የፎቅ ብዛት ከሚሸጥልዎ ፎቅ ማነስ የለበትም፤ 20 ፎቅ የተፈቀደለት ሕንፃ 22ኛ ፎቅ የለውም። ካሬውንም ሲቆጥሩ የጋራ ደረጃውና ኮሪደሩ ድርሻ የተጨመረበት መሆን አለመሆኑን ይጠይቁና በግድግዳዎቹ መካከል ያለው የተጣራ ስፋት በውሉ ላይ ለብቻው እንዲጻፍ ያድርጉ።

ዱባይ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ሕግ ገና ባልተሠራ ቤት ላይ የሚከፈል ገንዘብ ለዚያው ፕሮጀክት ብቻ በተከፈተ ልዩ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ አዝዛለች። እርስዎም በድርድር ተመሳሳይ ጥበቃ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ክፍያው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በግንባታው ደረጃ ይታሰር፣ ይኸውም መሠረት ሲያልቅ፣ የእርስዎ ፎቅ ኮንክሪት ሲሞላ፣ ሊፍቱ ሲገጠም ይከፈል። ዋጋው በዶላር ተመን የሚሰላ መሆን አለመሆኑን ደግመው ደጋግመው ያንብቡ፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ እንዲህ ያለው አንቀጽ የሚያስከትለው ልዩነት ከባድ ነው።

ገዢው ውጭ አገር ከሆነ ውክልናው ቤት መግዛትን በግልጽ የሚጠቅስ መሆን አለበት። እህቴ ዱባይ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ያሠራችውን ውክልና እኔ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጬ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት አስመዝግቤዋለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል፤ በሽያጭ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ የሚፈረመው ወረቀት ብቻውን አያስተማምንም።

በመጨረሻም ሐይቁን ራሱን ውሉ ውስጥ ያስገቡት። ስፋቱ፣ ጥልቀቱ፣ የሚጠናቀቅበት ጊዜ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነና የወር መዋጮው ስንት እንደሚሆን የተጻፈበት፣ የጊቢው ፕላን ማኅተም አርፎበት አባሪ ይሁን። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያዎችን ወጪ በባለቤቶቹ ላይ ስለሚጥል፣ ሐይቁ የጋራ ንብረት ከተባለ ማጽጃው ከኪስዎ ይወጣል፤ የገንቢው ንብረት ሆኖ ከቀረ ደግሞ ነገ ሞልቶ ሌላ ሕንፃ እንዳይሠራበት የሚከለክል አንቀጽ ያስፈልግዎታል። ለእህቴ የመጣው ረቂቅ በ14 ገጹ ውስጥ «ሐይቅ» የሚል ቃል አንድም ጊዜ አልነበረውም። አስተያየታችንን ጽፈን መልሰንላቸዋል፤ የተስተካከለው ረቂቅ እስኪመጣ ድረስ ቅድመ ክፍያው ባንክ እንደተቀመጠ ነው።