ቅንፍ ሲፈታ ሂሳቡ ለምን ይጎድላል? የስርጭት ህግ ችግርና መፍትሄ

አልጀብራ የጀመረ ልጅ 3(ሀ + 4)ን ሲፈታ 3ሀ + 4 ብሎ ቢጽፍ «አልገባውም» ብሎ ማለፍ አይበቃም። በስርጭት ህግ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች ጥቂትና የታወቁ ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱን ዱካ ይተዋል። ዱካው ያለው በትክክለኛው መልስና በተሳሳተው መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ ነው። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ኤክስ ከማድረጋችሁ በፊት ልዩነቱን አስሉ።

ክፍል ውስጥ «ዲስትሪቢዩቲቭ ፕሮፐርቲ» ሲባል የሚሰማው ይኸው የስርጭት ህግ ነው፦ ከቅንፉ ውጭ ያለው ቁጥር ውስጡ የሚደመሩትን ወይም የሚቀነሱትን እያንዳንዳቸውን ያባዛል፤ 3(ሀ + 4) 3ሀ + 12 ይሆናል። መጽሐፉ በኤክስ የሚጽፈውን ያልታወቀ ቁጥር እዚህ «ሀ» ብለነዋል።

መጀመሪያ መፈተሻው

በሀ ቦታ 10 አስገብታችሁ ጥያቄውንም መልሱንም አስሉ። 3(10 + 4) ማለት 3 × 14 ነው፤ 42። የልጁ 3ሀ + 4 ግን 34 ይሰጣል። 8 ጎደለ።

10 የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። 0፣ 1 እና 2 ስህተትን ይደብቃሉ፤ የትኛው የትኛውን እንደሚደብቅ ወደ ታች ይታያል። 2ን በተመለከተ ግን እዚሁ እንናገር፦ 2 × 2 እና 2² ሁለቱም 4 ስለሆኑ 2ሀን ከሀ² ጋር ያምታታ ልጅ በ2 ቢፈትሽ ትክክል የሠራ ይመስለዋል። አንድ ቁጥር ስህተትን ያጋልጣል እንጂ ትክክለኛነትን አያረጋግጥም። ሀ ብቻዋን ባለችበት፣ ሀ²ም ሆነ በሀ ማካፈል በሌለበት ጥያቄና መልስ፣ በሁለት የተለያዩ ቁጥሮች (ለምሳሌ በ10 እና በ7) ጥያቄውና መልሱ እኩል ከሆኑ መልሱ በእርግጥ ትክክል ነው።

ምልክት (የልጁ የተሳሳተ መልስ)፦ 3(ሀ + 4) = 3ሀ + 4

ሀን በየትኛውም ቁጥር ብትተኩት ጉድለቱ 8 ነው፤ ሁለት 4። ልዩነቱ በሀ የማይለዋወጥ ከሆነና ከቅንፉ ውጭ ካለው ቁጥር አንድ ተቀንሶ በሁለተኛው ቁጥር ሲባዛ የሚገኘው ከሆነ (እዚህ 2 × 4) ምክንያቱ ይህ ነው፦ ልጁ ከግራ ወደ ቀኝ እያነበበ 3ን መጀመሪያ ካገኘው ጋር አባዝቶ ቆሟል። ቅንፉን እንደ አንድ ጥቅል አላየውም።

ይህን ለማስረዳት ከሰኞ ገበያ ሱቅ የተሻለ ጥቁር ሰሌዳ የለም። ደብተር 60 ብር፣ እስክሪብቶ 15 ብር ይሁን። ለአራት ልጆች ለእያንዳንዳቸው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ተገዝቶ በየፌስታሉ ገባ። ቅንፉ ማለት ፌስታሉ ነው፦ 4(60 + 15) = 4 × 75 = 300። ልጁ 4 × 60 + 15 ብሎ 255 ብር ቢቆጥር ባለሱቁ «ማሙሽ፣ 45 ይቀራል» ይለዋል። 45 ብር የሦስት እስክሪብቶ ዋጋ ነው። አራቱም ልጆች ደብተር አግኝተዋል፣ እስክሪብቶ የደረሰው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ከዚያ የደብተሩ ዋጋ ጠፍቶ ሀ ብር ይሁን። ልጁ አራቱን ፌስታሎች አንዱን ከሌላው በታች ይጻፍ፦

ሀ + 15
ሀ + 15
ሀ + 15
ሀ + 15

ወደ ታች ሲደምር 4ሀ እና 60 ያገኛል፤ 4ሀ + 60። ቢያንስ ሦስት ጥያቄ እንዲህ ዘርዝሮ ሳይሠራ ወደ ቀስት አታሳልፉት። ከውጭው ቁጥር ወደ እያንዳንዱ ቀስት መሳል ጥሩ ልማድ ነው፣ ነገር ግን ፌስታሉን ያላየ ልጅ ቀስቱን በእጁ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ጥያቄው ትንሽ ሲለወጥ ይጠፋበታል።

ህጉ ለልጁ እንግዳ እንዳልሆነም አሳዩት። ሜትሩ 98 ብር የሆነ ጨርቅ 7 ሜትር ሲቆረጥ ነጋዴው 7 መቶ ብሎ 14 ይቀንሳል፤ 686። ይህ 7(100 − 2) ነው። የ14ቱን ቦታ በ2 የሚተካ ነጋዴ የለም።

ምልክት፦ 100 − 2(ሀ − 5) = 100 − 2ሀ − 10

ብዙ ልጅ የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ጊዜ ስጡት። በ10 ሲፈተሽ ጥያቄው 90፣ መልሱ 70 ይሆናል። ልዩነቱ 20 ነው፤ የመጨረሻው ቁጥር፣ የ10፣ ሁለት እጥፍ። ልዩነቱ ተባዝቶ የተገኘው ቁጥር (እዚህ 10) ሁለት እጥፍ ከሆነ ያ ቁጥር ምልክቱ ተገልብጧል ማለት ነው። ልጁ 2ን ከ5 ጋር አባዝቶ 10 ሲያገኝ ከ2 ፊት ያለውን የመቀነስ ምልክት ትቶታል።

«ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ፖዘቲቭ ነው» ብሎ ማስሸምደድ ብዙ አይዘልቅም። ይልቅ 100 ብር ያስይዙት። የአንዱ ዕቃ ዋጋ ሀ ብር ነው፣ ባለሱቁ በእያንዳንዱ ላይ 5 ብር ቀነሰለት፣ ሁለት ገዛ። ሀ 30 ቢሆን ለእያንዳንዱ 25፣ ለሁለቱ 50 ይከፍላል፤ 50 ብር በእጁ ይቀራል። በተሳሳተው መንገድ 100 − 60 − 10 = 30 ብቻ ይቀርለታል፤ የተቀነሰለት ዋጋ ተጨምሮበት አረፈ። ቅናሹ ወደ ኪሱ መመለስ አለበት፦ 100 − 2ሀ + 10።

ለጽሑፍ ሥራው ሁለት ነገር ያስለምዱት። አንደኛ፣ የመቀነስ ምልክቱን ከኋላው ካለው ቁጥር ጋር አብሮ በእርሳስ ያክብበው፤ ቅንፉን የሚያባዛው 2 ሳይሆን −2 ነው። ይህ 7 − 2(ሀ − 5)ን 5(ሀ − 5) የሚያደርገውን ልጅም ያድነዋል፤ የእሱ ችግር ከማባዛት በፊት መቀነሱ ነው። ሁለተኛ፣ ቅንፉ ውስጥ ያለውን መቀነስ ወደ መደመር ይለውጥ፦ −2(ሀ + (−5))።

9 − (ሀ + 4) ደግሞ 9 − ሀ + 4 ሲሆን የተረሳው የማይታየው 1 ነው። 9 − 1(ሀ + 4) ብሎ ይጻፈው፤ 9 − ሀ − 4፣ ማለትም 5 − ሀ ይወጣል።

ምልክት፦ 3ሀ + 12 = 15ሀ

ቅንፉ በትክክል ተፈትቶ መጨረሻው ላይ የሚበላሽ ነው። በ10 42 እና 150 ስለሚሆኑ ወዲያው ይታያል። ምክንያቱ የቆየ ልማድ ነው፦ በታችኞቹ ክፍሎች መልስ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ስለነበረ የመደመር ምልክት ያለበት መልስ ያላለቀ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ መልስ ያለቀ መሆኑን በግልጽ ንገሩት።

እዚህ ጋ «ሀ ማለት ደብተር ነው» አትበሉ፤ ኋላ ያስቸግራል። ሀ የደብተሩ ዋጋ ነው። የሦስት ደብተር ዋጋና 12 ብር የ15 ደብተር ዋጋ የሚሆነው ደብተሩ 1 ብር ከሆነ ብቻ ነው። በ1 መፈተሽ ይህን ስህተት የሚደብቀውም ለዚህ ነው።

ምልክት፦ 3(4ሀ) = 36ሀ

ይህ የሚመጣው ከአስጠኚው አፍ ነው። «ቅንፍ ውስጥ ያለውን ሁሉ አባዛ» የተባለ ልጅ 4ንም ሀንም በ3 ያባዛል፤ መልሱም ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ በ120 ፈንታ 360። አባባሉን አርሙት፦ ስርጭት ያለው ቅንፉ ውስጥ መደመር ወይም መቀነስ ሲኖር ነው። ልጁ ከማባዛቱ በፊት ጣቱን በመካከል ባለው ምልክት ላይ ያድርግ።

ምልክት፦ (ሀ + 3)² = ሀ² + 9

በ10፦ 13 × 13 = 169፣ የልጁ 109፤ 60 ጎደለ። በ7፦ 100 እና 58፤ 42 ጎደለ። ከመጀመሪያው ስህተት የሚለየው ጉድለቱ ከሀ ጋር ማደጉ ነው፤ ሁልጊዜ 6ሀ ነው። በ0 ብትፈትሹት ጉድለቱ አይታይም።

ባለ ካሬ የሂሳብ ደብተር አምጡ። ልጁ 13 በ13 ካሬ ያለው አራት ማዕዘን ይሳል፤ ከግራም ከላይም 10 ቆጥሮ መስመር ያስምር። አራት ክፍል ይወጣል፦ 100፣ 30፣ 30 እና 9። መጀመሪያ የራሱን መልስ፣ 100ንና 9ኙን፣ በእርሳስ ያጥቁራቸው። ነጭ ሆነው የሚቀሩት ሁለቱ ባለ 30 ክፍሎች ናቸው፤ የጎደለው 60 እዚያ ተቀምጧል። ከዚያ ሀ² + 3ሀ + 3ሀ + 9 ብሎ መጻፍ፣ ቀጥሎም ሀ² + 6ሀ + 9 ማድረግ አይከብደውም።

ሲካፈል

(6ሀ + 9) ÷ 3 ብሎ 2ሀ + 9 የጻፈ ልጅ የመጀመሪያውን ስህተት ነው የደገመው፤ መልሱ 2ሀ + 3 ነው። ቅንፉ ራሱ አካፋይ ሲሆን ግን ስርጭት የለም። 12 ÷ (ሀ + 3)ን በሀ = 3 ሞክሩት፦ 12 ÷ 6 = 2። ከፋፍሎ የሠራው 4 + 4 = 8 ያገኛል።

እኩልታ ውስጥ ሲገባ

ከኮምቦልቻ ደሴ እየተመላለሰች የምትማር ልጅ ለታክሲ በቀን ሁለት ጊዜ ሀ ሀ ብር፣ ለባጃጅ ደግሞ በቀን በድምሩ 20 ብር ትከፍላለች እንበል። በአምስት ቀን 600 ብር ወጣ፦ 5(2ሀ + 20) = 600። በትክክል ሲፈታ 10ሀ + 100 = 600፣ ሀ = 50። 20ን ያላባዛ 10ሀ + 20 = 600 ብሎ ሀ = 58 ያገኛል፤ ቁጥሩ ድፍን ስለሆነ አይጠራጠርም። መልሱን በራሱ በተሳሳተው መስመር ላይ ከፈተሸ 600 ይመጣለታል፤ መፈተሽ ያለበት በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው። እዚያ 5(116 + 20) = 680 ይሆናል። የተረፈው 80 ብር የአራት ቀን የባጃጅ ሂሳብ ነው።

600 ለ5 ስለሚካፈል ሌላም መንገድ አለ፦ መጀመሪያ ሁለቱንም ወገን ለ5 አካፍሎ 2ሀ + 20 = 120 ማለት። ልጁ ሁለቱንም ይሥራ፤ በሁለቱም 50 ካልመጣ ቅንፉን ወደ ፈታበት መስመር ይመለስ።