ሲዝ እና ቴክ ኦቨርን ወደ ስፓኒሽ እንዴት እንደምንተረጉም

ከእንግሊዝኛ ወደ ስፓኒሽ ስትተረጉሙ ሲዝ (seize፣ በጉልበት ወይም በህግ መያዝ) እና ቴክ ኦቨር (take over፣ መረከብ ወይም መቆጣጠር) የሚሉት ግሶች ያስቸግሯችኋል? ቴክ ኦቨር እኔን አንድ ቀን በደንብ አሳፍሮኛል። ጽሁፉ እናትየው ጡረታ ስትወጣ ልጅቷ ዳቦ ቤቱን ቴክ ኦቨር አደረገች ይላል፣ እኔ ዲክሽነሪ ላይ መጀመሪያ ያገኘሁትን አፖዴራርሴ ወስጄ "ሴ አፖዴሮ ዴ ላ ፓናዴሪያ" ብዬ ጻፍኩ፣ አስተማሪዬ አነበበችና "ልጅቷ እናቷን ቀማቻት እንዴ?" አለችኝ። ለካ ቃሉ ውስጥ ፖዴር አለ፣ ስልጣን ወይም ጉልበት ማለት ነው፣ እዛ ጋ የሚያስፈልገው ግን "አሴርሴ ካርጎ ዴ" ነበር፣ ኃላፊነቱን ተረከበች ለማለት።

ከዛ ቀን ጀምሮ እንዲህ ነው የምሰራው።

መጀመሪያ ስፓኒሹን አትፈልጉ፣ አረፍተ ነገሩን በአማርኛ ለራሳችሁ በሉት። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚያልፈውን እኛ ተረከበ፣ ተቆጣጠረ፣ ነጠቀ፣ አገደ፣ ጠለፈ እያልን ለያይተን ነው የምናወራው፣ ስፓኒሽም ብዙ ጊዜ እንደኛ ነው። ነጠቀ ካላችሁ አሬባታር ነው፣ ከእጅ መንጭቆ መውሰድ። ጠለፈ ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል፣ እንግሊዝኛ ለአውሮፕላንና ለሰው የተለያየ ቃል ሲፈልግ እኛ ለሁለቱም ጠለፈ እንላለን፣ እነሱም ለሁለቱም ሴኩዌስትራር ይላሉ!

አንድ ቦታ ላይ ግን አማርኛው ራሱ ያሳስታል፣ ወረሰ ላይ። ልጅ የአባቱን ቤት ሲወርስ ኤሬዳር ነው፣ መንግስት የሰው ንብረት ሲወርስ ግን ኮንፊስካር ነው፣ እነዚህን ካቀያየራችሁ ታሪኩ በሙሉ ይበላሻል።

ቀጥሎ ማን ነው የወሰደው፣ በምን መብት ብላችሁ ጠይቁ። ፖሊስ ኮኬይን ሲይዝ ኢንካውታር ነው፣ ላቲን አሜሪካ ውስጥ ዴኮሚሳርም በብዛት ይባላል። ፍርድ ቤት በእዳ ምክንያት ቤት ሲያግድ ኤምባርጋር። መንግስት በህግ ለህዝብ ጥቅም ብሎ ሲወስድ ደግሞ ኤክስፕሮፒያር። ለምሳሌ የሜክሲኮው ፕሬዝዳንት ላሳሮ ካርዴናስ እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1938 የውጭ የነዳጅ ኩባንያዎችን ንብረት ወሰደ፣ እንግሊዝኛው ጽሁፍ ሲዝ ቢልም እናንተ ኤክስፕሮፒያር በሉ፣ እዛ አገር የዛ ቀን ስሙ ራሱ ኤክስፕሮፒያሲዮን ፔትሮሌራ ነው፣ ሌላ ቃል ብታስገቡ የሜክሲኮ አንባቢ ወገን የያዛችሁ ይመስለዋል።

ስልጣን ከሆነ ቶማር ኤል ፖዴር በሉ፣ ጄኔራል ፒኖቼ እ.ኤ.አ. በ1973 ቺሌ ውስጥ በመፈንቅለ መንግስት እንዳደረገው። ስፔን ውስጥ "አሴርሴ ኮን ኤል ፖዴር" የሚለውንም ታገኛላችሁ፣ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ አሴርሴ ኮን የራስ ማድረግ ነው፣ አሴርሴ ካርጎ ዴ ግን ኃላፊነት መቀበል ነው፣ ልዩነቱ ያለው ከኋላ ባሉት ትንንሽ ቃላት ነው። ኩባንያ ኩባንያን ሲገዛ አድኪሪር ይበቃል። እድል ከሆነ ደግሞ አፕሮቬቻር ነው፣ ተጠቀመበት እንደምንለው።

ታዲያ አፖዴራርሴ መቼ ነው የሚገባው? አንደኛው በጉልበት ሲሆን ነው፣ ሁለተኛው ስሜት ሰውን ሲቆጣጠር። "ኤል ፓኒኮ ሴ አፖዴሮ ዴ ኤል" ማለት ድንጋጤ ወረረው ነው፣ አያችሁ እኛም ጦር የሚወርበትን ግስ ነው ለድንጋጤ የምንሰጠው። ሴ እና ዴ ሁለቱም መኖር አለባቸው፣ እኛ አገር ልጆች ብዙ ጊዜ ሴዋን እንረሳታለን፣ ሴ ከሌለች ደግሞ አፖዴራር ለሌላ ሰው ውክልና መስጠት ይሆናል፣ ትርጉሙ ጭራሽ ተገለበጠ ማለት ነው።

በመጨረሻ አንባቢያችሁ የየት አገር ሰው እንደሆነ እዩ። ማድሪድ ውስጥ እቃም አውቶቡስም ለመያዝ ኮኼር ይባላል፣ ሜክሲኮና አርጀንቲና ግን ያው ቃል የብልግና ስድብ አይነት ነው፣ የወሲብ ትርጉም አለው፣ ስለዚህ ለእነሱ ስትጽፉ በእጅ ለሚያዝ አጋራር፣ ለአውቶቡስ ቶማር አድርጉት።