ደም ካዩ በኋላ አይደውሉልኝ

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ላም አዳቃይ ነኝ። ኮርማውን፣ ማለቴ ዘሩን፣ በናይትሮጅን ማቀዝቀዣ ዕቃ ተሸክሜ በእግር የምዞር ሰው በሉኝ።

“ዶክተር፣ ላሜ ደም አሳየች፣ ቶሎ ድረስልኝ!” ዶክተር አይደለሁም ማለቱን ትቼዋለሁ። ስለ ደሙ ግን ዝም አልልም። ደም የሚታየው ድራቱ፣ ማለትም ላሟ ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ፣ ካለፈ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ያኔ መጥራት ድንኳኑ ሲነቀል ሰርግ እንደመድረስ ነው። አንድ ክረምት ሁለት ሰዓት ጭቃ አቡክቼ ስደርስ ደሙ ጅራቷ ላይ ደርቋል። እትዬ “ከመጣህ አይቀር አድርግላት” አሉኝ። እምቢ አልኩ። ቡናቸውን ጠጥቼ ተመለስኩ። ደም ካያችሁ ቀኑን ጻፉና ከ16ኛው ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ እያያችሁ ጠብቁ።

ዋናው ምልክት ሌላ ላም ስትወጣባት ዝም ብላ መቆሟ ነው። ቀኑን ሙሉ ግንድ ላይ ታስራ የምትውለው ላይ ማን ይውጣባት? ፍቷት እንጂ! መጮኋና እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለገው ፈሳሽም ይነግራችኋል። ጠዋት ካያችሁ ለማታ፣ ማታ ካያችሁ ለጠዋት ጥሩን።

አሁን ለጀማሪ ባልደረቦቼ። የኮርማውን ዘር የያዘውን ቀጭን ቱቦ (ስትሮ) በብብት ወይም በኪስ የምታቀልጡ፣ እባካችሁ! ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የኖረ ነገር ነው። ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይቆይ። ሙቀቱን በቴርሞሜትር እንጂ በጣት አትለኩ። ስታወጡት በደንብ አድርቁት፤ ጠብታ ውሃ ዘሩን ይገድላል።

ማዳቀያ መሣሪያው የማህጸን አንገትን እንዳለፈ ዘሩን እዚያው ልቀቁ። ወደ ውስጥ መግፋት ጉብዝና አይደለም።

የኮርማውን ቁጥር መዝግቡ፤ አለዚያ አባት የገዛ ልጁን ያስረግዛል።

ከመዳቀሏ በፊት እርጉዝ አለመሆኗን መርምሩ። አንዳንድ ላም አርግዛም ድራት ታሳያለች። እኔ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ጋሼ “ባዶ ናት” ሲሉኝ፣ ጊዜው መሽቶብኝ ስለነበር አምኜ መሣሪያውን አስገባሁ። ከቀናት በኋላ አስወረደች። ጋሼ የሰው ዓይን ነው አሉ። አላረምኳቸውም።