የተሰነጠቀብኝ ናስ

ለገጣፎ፣ ጓሮዬ ባለች የቆርቆሮ ክፍል፣ ከተተኮሰ የሽጉጥ ቀለህ አምባርና የጆሮ ጌጥ እሠራለሁ። ያልተተኮሰ ከመሰለኝ አልነካውም፤ በዚህ ቀልድ የለም።

ሰሞኑን አበሳዬን አየሁ። ቂጡን ቆርጬ፣ ጎኑን ከፍቼ መቀጥቀጥ ስጀምር ጠርዙ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ትወጣለች። ሁለት ሦስቴ ስደግመው፣ ቀጭ! መዶሻ ቀየርኩ፣ ያው ነው።

ለካ ናሱ ደርቆ ነው። የቀለህ ናስ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። በተቀጠቀጠ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ እሳት ነው። አመሻሽ ላይ መብራት አጥፍቼ በጋዝ አሞቅኩት። መብራት ማጥፋቱ ዋናው ነገር ነው፤ ደብዘዝ ያለው ቅላት በብርሃን አይታይም። ልክ እንደቀላ በጉጠት አንስቼ ውሃ ውስጥ ከተትኩት፤ ቸስ አለ። የቢላ ብረት እንዲህ ሲደረግ ይጠነክራል። ናስ ግን እንደለሰለሰ ይቀራል። ነጭ ጭስ ካወጣ አብዝታችሁታል፤ ዚንኩ እየተነነ ነውና አትማጉት፣ በሩን ክፈቱ።

አሁን መዶሻው ሥር መገተር ሲጀምር መልሼ አሞቀዋለሁ። ትናንት እንደ ወረቀት ሳስቶ እንኳ አልተሰነጠቀም። ጥቁረቱን በሎሚና በጨው ፈትጌ አስለቀቅኩት።