ጤነኛ ጡትን በቀዶ ሕክምና አስቀድሞ ስለማስወገድ እንዴት ይወሰናል?

በቤተሰቧ የጡት ካንሰር የተደጋገመባት ሴት ከሁሉ በፊት ልታውቀው የሚገባት፣ ጤነኛ ጡትን አስቀድሞ የማስወገድ ቀዶ ሕክምና አጣዳፊ አለመሆኑን ነው። ለማሰብ ወራት መውሰድ ይቻላል፤ የተወገደን ጡት ግን መመለስ አይቻልም።

ስለዚህ ከቀዶ ሐኪሙ በፊት የዘረመል አማካሪ ያነጋግሩ። ቢቻል የዘረመል ምርመራው ካንሰሩ ከያዛት ዘመድ ቢጀመር ይመረጣል፤ በእርሷ ዘረመል ላይ ያለው ለውጥ ከታወቀ የእርስዎን ውጤት መተርጎም ይቀላልና። «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል ውጤት ብቻውን ለቀዶ ሕክምና ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ቢአርሲኤ 1 ወይም ቢአርሲኤ 2 (BRCA1፣ BRCA2) በሚባሉት፣ ሲበላሹ የጡትና የእንቁላል ማምረቻ ካንሰርን ስጋት በሚጨምሩት ዘረመሎች ላይ ጎጂ ለውጥ ያለባት ሴት እስከ 80 ዓመቷ ድረስ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ 70 በመቶ ገደማ ነው። ይህ የዕድሜ ልክ ስሌት በመሆኑ «በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ያለብኝ ስጋት ምን ያህል ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ የ28 ዓመት ወጣትና የ60 ዓመት ሴት የሚያገኙት መልስ አንድ አይደለም።

ሁለቱንም ጡቶች ማስወገድ ስጋቱን ቢያንስ በ90 በመቶ ይቀንሳል፤ ጥቂት የጡት ሕብረ ሕዋስ መቅረቱ ስለማይቀር ግን ፈጽሞ አያጠፋውም። ሌላው መንገድ ከ25 ዓመት ገደማ ጀምሮ በየዓመቱ ኤምአርአይ (በመግነጢስ ኃይል የሚነሳ ምስል)፣ ከ30 ዓመት በኋላ ደግሞ ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ጨምሮ መከታተል ሲሆን፣ ይህም ካንሰሩን በጊዜ ለማግኘት እንጂ እንዳይመጣ ለመከላከል አይደለም። በየዓመቱ ውጤት መጠበቅ እንቅልፍ የሚነሳት ሴት አለች፤ በክትትሉ የምትረጋጋም አለች፤ የሁለቱም ስሜት በውሳኔው ውስጥ ሚዛን ሊሰጠው ይገባል።

በምክክር ጊዜ ችላ መባል የሌለበት የሚታጣው ነገር ነው። የጡት ጫፍ እንዲቀር ቢደረግ እንኳ የደረት ቆዳ ስሜት በአብዛኛው ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ማጥባትም አይቻልም። በሲሊኮን የሚሠራ ጡት ከዓመታት በኋላ ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል፤ ከራስ ሆድ በሚወሰድ ሥጋ የሚሠራው ደግሞ ረጅም ቀዶ ሕክምናና ረዘም ያለ ማገገሚያ አለው። ጡት ሳያሠሩ ደረትን ጠፍጣፋ አድርጎ መተው ራሱን የቻለ ምርጫ ስለሆነ፣ ሐኪሙ ካላነሳው እርስዎ ያንሱት።

የእንቁላል ማምረቻዎችና የማህፀን ቱቦዎች ጉዳይ ለብቻው ይታይ። የእንቁላል ማምረቻ ካንሰርን በጊዜ የሚያሳይ አስተማማኝ ምርመራ ስለሌለ፣ ወልደው ለጨረሱ ሴቶች በቢአርሲኤ 1 ከ35 እስከ 40፣ በቢአርሲኤ 2 ከ40 እስከ 45 ዓመት ባለው ጊዜ እንዲወገዱ ይመከራል። ይህ ወዲያው ማረጥን ስለሚያስከትል፣ የሆርሞን መተኪያ ሕክምና ለእርስዎ ይስማማ እንደሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረው ይወስኑ።