ዲስክ የሞላውን የሎግ ፋይል አትሰርዙት፤ ባዶ አድርጉት

የሰርቨሩ ዲስክ ሞላ፤ 20 ጊጋባይት የደረሰ የሎግ ፋይል (ፕሮግራም የሥራ ክንውኑን የሚመዘግብበት ፋይል) አግኝታችሁ ሰረዛችሁት። ፋይሉ ከማውጫው ጠፍቷል፤ ዲስኩ ግን አሁንም 100 በመቶ ሙሉ ነው ይላችኋል።

በሊኑክስ ፋይል መሰረዝ ማለት ስሙን ከማውጫው መፋቅ ብቻ ነው። ፋይሉን ከፍቶ የያዘው ፕሮግራም እስኪለቀው ድረስ ይዘቱ ከዲስኩ አይነሳም። ይባስ ብሎ ፕሮግራሙ ስም በሌለው ፋይል ላይ መጻፉን ይቀጥላል፤ ችግሩ እያደገ እናንተ አታዩትም።

ስለዚህ ከመሰረዝ ይልቅ «ትራንኬት» (truncate) በሚለው ትእዛዝ መጠኑን 0 አድርጉት። ፋይሉ ያው ፋይል ስለሆነ ፕሮግራሙ አይቋረጥም፤ ቦታውም ወዲያው ይለቀቃል። ቀድማችሁ ሰርዛችሁት ከሆነ ማን እንደያዘው በ«ኤልሶፍ» (lsof) ትእዛዝ ፈልጉና ያንን ፕሮግራም ብቻ አጥፍታችሁ አስነሱት። መላውን ሰርቨር ማስነሳት ዝንብን በመዶሻ እንደመምታት ነው።

ይህንኑ ሥራ ሎግሮቴት (logrotate) የተባለው የሎግ ፋይሎችን የሚያስተዳድር መሣሪያ በየጊዜው እንዲሠራላችሁ ቅንብሩ ላይ «ኮፒትራንኬት» (copytruncate) ብላችሁ ጨምሩ፤ ፋይሉን ገልብጦ ዋናውን ባዶ ያደርገዋል። ነገር ግን በመገልበጡና ባዶ በማድረጉ መካከል የተጻፉ መስመሮች ሊጠፉ ይችላሉ። አንድ መስመር እንኳ መጉደል በሌለበት የሒሳብ ወይም የደኅንነት መዝገብ ላይ አትጠቀሙበት። እንደ ድረ ገጽ አቅራቢው ኤንጂንኤክስ (nginx) ያሉት ፕሮግራሞች ምልክት ሲላክላቸው ፋይሉን ዘግተው አዲስ ስለሚከፍቱም አያስፈልጋቸውም። ሌላው፣ ፕሮግራሙ ከፋይሉ መጨረሻ እየቀጠለ የሚጽፍ መሆኑን አረጋግጡ፤ አለዚያ ከቀድሞው ቦታ ይቀጥልና የፋይሉ መጠን ተመልሶ 20 ጊጋባይት መስሎ ያስደነግጣችኋል።